አርባ ቀን ውሃ የጠጣ ሎሚ

እትዬ ደብሪቱ ማረፏን የነገረችኝ ሐሊማ ናት። ስልኩን ሳነሳው ሰላምታ እንኳን ሳትሰጠኝ «ያቺ ውሸታም ሞተች» አለችና ታለቅስ ጀመር። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ያደግን ልጆች ውሸታም እያልን የምናለቅስላት ሴት አንዲት ብቻ ናት። ገዳሪፍ ገበያ፣ ጨርቅ ከምሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ እንደቆምኩ እንባዬ እየወረደ ሳቄ መጣ። ቶብ ስታማርጥ የነበረችው ሱዳናዊት ደንበኛዬ ምን እንደነካኝ ግራ ቢገባት ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠችና ቀስ ብላ ወጣች።

እሷን የማያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ አታላይ ሴት ልትመስለው ትችላለች። ነበረችም። ግን በየመንደሩ እንደሷ ያለች አንዳንድ አታላይ ብትኖር ልጆች ሁሉ ደስ ብሏቸው ያድጉ ነበር።

እትዬ ደብሪቱ የአርማጭሆ ሰው ናት። በጦርነቱ ጊዜ ከሰው ጋር ድንበር ተሻግራ ኡም ጋርጉር ገባች፣ እዚያው ቀረች። ረዥም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል፣ ከፊት ጥርሶቿ አንዱ የወለቀ ሴት ነበረች። ባልም ልጅም አልነበራትም። «እርስዎ» የሚላትን ልጅ ትቆጣ ነበር። «ምነው፣ ልትቀብረኝ ነው?» ትላለች። ስለዚህ የካምፑ ልጅ በሙሉ «አንቺ» እያላት አደገ፤ እናቶቻችንም ባለጌ አደረገቻቸው እያሉ በዚህ ይቀየሟት ነበር።

ወንድሟ ወደ ጂዳ ሲሄድ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የቪዲዮ ዴክና የሚያስል ጄኔሬተር ትቶላት ሄደ። ሰው ሁሉ ትሸጠዋለች ሲል እሷ ከቤቷ አጠገብ ራኩባ አቆመች፤ ይኸውም በአራት እንጨትና በሣር የሚሠራ ዳስ ነው። ዙሪያውን በሰሊጥ ከረጢትና በጥቁር ላስቲክ ሸፈነችው። ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ውጭ ፀሐዩ ሰው እየጠበሰ፣ ውስጡ ጭልምልም ያለ ነበር። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው። ላባችን እየተንጠባጠበ ምንጣፍ ላይ ተጨናንቀን እንቀመጣለን። ትልልቆቹ ይከፍላሉ፤ እኛ ልጆች የምንገባው ለፍየሎቿ አንድ እቅፍ ሣር ይዘን ነው።

እሷ ከቴሌቪዥኑ በስተግራ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። እጇ ላይ ረዥም የማሽላ አገዳ አለ። ፊልሙ የሕንድ ይሁን፣ የግብፅ ይሁን፣ የአሜሪካ ይሁን፣ ለእሷ ምንም አልነበረም። አገዳውን እያነሳች ተዋናዩን ትጠቁምና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምን እንደሚል በአማርኛ ትነግረናለች።

«ይኸ ሰውዬ መሬት ሊቀማ ነው የመጣ። ዓይኑን አላያችሁትም?»

«እችን ልጅ ልብ በሉ፤ የኛ ልጅ ናት። ኋላ ታለቅሳለች።»

ክፉው ሰው በሁሉም ፊልም አቶ ተንኮሉ ነበር። ሕንዶቹ መዝፈን ሲጀምሩ «እዚህ ላይ ሥራ ፈትተዋል፤ ተነሱና ተንጠራሩ» ትለናለች፣ እኛም ተነስተን እንንጠራራለን። ወንዱና ሴቷ ፊት ለፊት ተጠጋግተው ከንፈራቸው ሊነካካ ሲል ነጠላዋን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል ታደርግና «ጸሎት ላይ ናቸው፣ ዝም በሉ» ትላለች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ ተከባብሮ ዝም ይል ነበር። ባዕድ አገር ሰው ይህን ያህል ጸሎት ማብዛቱ በጣም ያስደንቀኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ወደ ካርቱም ለመሻገር እየጠበቀ ካምፑ ውስጥ ሰንበት ያለ፣ እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ወጣት መሃላችን ተቀምጦ ፊልም አየ። እትዬ ደብሪቱ «ይኸ አራጣ አበዳሪዋ ነው፤ በግ ካላመጣሽ እያላት ነው» ስትል ልጁ ብድግ ብሎ «ኧረ አባቷ ነው! ትምህርትሽን ጨርሺ ነው የሚላት» አለ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። «አንተ ዝም በል፣ እንስማበት!» ተብሎ ተቀመጠ። ፊልሙ ሲያልቅ ሹክ ብሎ የነገረኝን አልረሳውም። የእሷ ይሻላል አለኝ። እሷም ሰምታ ነበር፤ «ፊልም የሚሠሩት ሰዎች ይቸኩላሉ። የተዉትን እኔ እሞላላቸዋለሁ» አለችው። ይህቺን አባባሏን ሺህ ጊዜ ሰምተናታል።

እንግዲህ አንድ ቀን ከሾዋክ ገበያ አሮጌ ካሴቶች በካርቶን ሞልታ መጣች። ከመካከላቸው ልባሱ የጠፋ፣ ጽሑፉ የተፋቀ አንድ ነበረ። ቋንቋው የየት እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ አላገኘሁም። አራት ወንድማማችና እህትማማቾች፣ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት፣ ከአክስታቸው ጋር ባቡር ወደማይቆምበት አሮጌ ጣቢያ ይመጣሉ። ከጣቢያው ጀርባ አረም የዋጠው የአትክልት ቦታ አለ። የሚተኩስ የለም፣ የሚዘፍን የለም። ትልልቆቹ ገና ከአጋማሹ እየተነጫነጩ ወጡ። እኛ ግን ካለንበት አልተነቃነቅንም። ልጆች ሥራውን ሁሉ የሚሠሩበት፣ ትልልቆቹ ቆመው የሚያዩበት ፊልም ከዚያ በፊት አይተን አናውቅም ነበር።

እትዬ ደብሪቱም የዚያን ቀን ከወትሮው በላይ ደመቀች። «እነዚህ ልጆች ስደተኞች ናቸው» ብላ ጀመረች። አረም የዋጠው አትክልት ቦታ፣ በኛ አጠራር ጀኒናው፣ ሲመጣ አገዳዋን አንስታ «ይኸ ጀኒና ከክሊኒኩ ጀርባ እንዳለው እንደኛው ጀኒና ነው። ሰዎቹ ተከሉት፣ ትተውት ሄዱ፣ ፍየል በላው» አለች። መሃሉ ላይ የቆመውን ትልቅ ደረቅ ዛፍ «ሎሚ ነው» አለችን። ያን የሚያህል ሎሚ በዓለም ላይ እንደሌለ አሁን አውቃለሁ። ልጆቹ በቆርቆሮ ውሃ እየቀዱ ያጠጡታል፤ ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ እንደገና ያጠጡታል።

«አርባ ቀን አጠጡት» አለች እትዬ ደብሪቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድም ቀን ሳያስታጉሉ። ባርባኛው ቀን...» ትንፋሻችንን ዋጥን። አገዳውን መሬት ላይ ደለቀችው። «አቆጠቆጠ!»

ቴሌቪዥኑ ላይ ልጆቹ ለምለም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይበላሉ። እኛ አጨበጨብን፣ ጮህን፣ ሐሊማ አለቀሰች። ያን ካሴት በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ አስደገምናት።

ሐሊማ ማለት ጎረቤቴና ባልንጀራዬ ናት፤ ወላጆቿ የመተማ ሙስሊሞች ናቸው፤ እሷም እትዬ ደብሪቱን «ኻልቲ»፣ አክስቴ እንደማለት፣ ትላት ነበር። ያኔ ሁለታችንም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ነበርን። ከዕለታት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆም አለችና «ከክሊኒኩ ጀርባ ያለው ሎሚ ፊልሙ ላይ ያለው አይደል?» አለችኝ።

«አይደለም፣ ያኛው አገር ብርድ ነው» አልኳት።

«እና? ሎሚ ሎሚ ነው።»

በማግስቱ ዐሥራ አንድ ሆነን ሄድን።

ያ ቦታ አንድ ጊዜ በእውነት አትክልት ነበር። አንድ የእርዳታ ድርጅት አጥሮ ሎሚ፣ ዘይቱንና ኒም ተክሎበት ነበር ይባላል። ድርጅቱ ሲሄድ ዘበኛው ሄደ፣ ዘበኛው ሲሄድ አጥሩ ማገዶ ሆነ። የቀረውን ፍየል ጨረሰው። እኛ ስንደርስ የቆሻሻ መጣያ ነበር። የቲማቲም ሰልሳ ቆርቆሮ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የአህያ አጥንት፣ ምን የሌለ ነገር አለ! አንድ የተሰነጠቀ የውሃ ታንከር፣ ዳር ዳሩን ፍየል የጋጣቸው የዘይቱን ጉቶዎች፣ መሃሉ ላይ ቅርፊቱ የነጣ ሎሚ። ስድስት ቀን ሙሉ ቆሻሻ ስናወጣ ቆየን። እሾህ ቆርጠን አጠርን፤ እጃችን ተቦጫጨረ። ከዚያ ማጠጣት ጀመርን። ሐሊማ በየቀኑ ታንከሩ ላይ በከሰል አንድ መስመር ታሰምራለች። እያንዳንዳችን በቀን አንድ የሰልሳ ቆርቆሮ ውሃ ነው የምናመጣው፤ ከዚህ በላይ ከቤት መስረቅ አይቻልም ነበር።

አዎ፣ ስርቆት ነበር። ጊዜው ደረቁ ወራት ነው። ዶንኪው፣ የካምፑ የውሃ ማደያ ማለቴ ነው፣ የሚከፈተው ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ሲሆን እናቶች ገና ሳይነጋ ጀሪካናቸውን በሰልፍ ይደረድራሉ። ቤት ውስጥ ውሃ በኩባያ ነው የሚለካው። እናቴ ደርሳብኝ በጫማ ገረፈችኝ። የሌሎቹም እናቶች አልተኙም። «ለደረቅ እንጨት!» እያሉ ይጮኻሉ። ከልጆቹ አፍ የሚወጣው መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ እትዬ ደብሪቱ አርባ ቀን ብላለች።

በሃያ ሁለተኛው ቀን አያ መኮንን ቪዲዮ ቤት ድረስ መጡ። አያ መኮንን የውሃው ለጅና፣ የኮሚቴው ማለት ነው፣ ሰብሳቢ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ዶንኪው አፍ ላይ ቆመው ለባለጌውም ለጨዋውም እኩል ሲያዳርሱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ፊልሙ መሃል ላይ ጄኔሬተሩን አጠፉትና ከረጢቱን ገልጠው ገቡ።

«ደብሪቱ፣ ሰው የሚጠጣው አጥቶ እንጨት ታጠጫለሽ?»

«እኔ አላጠጣሁም።»

«ልጆቹን ብጠይቃቸው አንቺን ነው የሚጠሩ። አርባ ቀን ብላናለች ይላሉ። ይኸ ነገር እውነት ካሴቱ ላይ አለ?»

ሁላችንም ዞረን አየናት። ያቺ ደቂቃ ለእሷ ምን እንደነበረች የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የለም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እኛም ተገርፈን ዝም እንል ነበር። አንድ በአንድ አየችን።

«አለ» አለች።

«ባርባኛው ቀን ባያቆጠቁጥስ?»

«ካላቆጠቆጠ ይኸን ቤት በገዛ እጄ እዘጋለሁ፣ አያ መኮንን። ቴሌቪዥኑንም ሾዋክ አውጥቼ እሸጠዋለሁ። ይኸው ሁሉም ምስክር ነው።»

አያ መኮንን ጺማቸውን አሻሹ። «መልካም። ከዶንኪው ግን አንዲት ጠብታ አይነካም። ኻላስ» አሉ። ወጡና ራሳቸው ጄኔሬተሩን አስነሱልን።

እኔ በዚያች ሴት ላይ የደረሰውን ጭንቅ በወቅቱ አላየሁም። እንዲያውም ኮራሁባት። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሳፋ በራሷ ተሸክማ በየቤቱ ደጃፍ ስትቆም አገኘናት። የተጣለ ውሃ ትለምን ነበር።

«እጣቢሽን አትድፊው፣ ለኔ ስጭኝ። ሳሙና የገባበትን ግን አልወስድም።»

«ኧረ አንቺ መጅኑና፣ አበድሽ እንዴ? ምን ይሠራልሻል?»

«አንድ እንግዳ አለብኝ፣ ውሃ አይመርጥም።»

ሴቶቹ እየሳቁ ሰጧት። የሳሕን እለቅላቂ፣ ምስር የታጠበበት፣ የሕፃን እግር የታጠበበት። በዚህም አልበቃትም። ወደ መስጊዱ ሄዳ ከአጥሩ ውጭ ቆመችና ሸኽ ኢብራሂምን አስጠራች። እኔና ሐሊማ ከኋላዋ ነበርን።

«ሸኽ፣ ሰዉ ለሶላት ሲታጠብ ከእግሩ ሥር የሚፈሰውን ውሃ ለልጆቹ ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ እሱ እኮ የታጠብንበት ነው» አሉ ሸኽ ኢብራሂም ግራ ገብቷቸው።

«ሎሚው አይጸየፍም።»

ሸኽ ኢብራሂም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በዚያው ቀን ሰዎቹ ተቀምጠው በኢብሪቅ ማንቆርቆሪያ ከሚታጠቡበት ደንጊያ ሥር ሰፋ ያለ ሳፋ አስቀመጡ። በቀን አምስት ጊዜ የካምፑ ወንድ ሁሉ እጅና እግሩን ለሎሚያችን ታጠበ። ጁምዓ ቀን ሳፋው ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ «ዛሬ ሎሚው ይጠግባል» እንባባል ነበር። ሐሊማ ደግሞ አባቷ በጥድፊያ ታጥቦ ሲነሳ «ያባ፣ ግራ እግርህን ደህና አድርገህ እጠበው» ትለው ጀመር። ሰውዬው ልጁ እንዲህ ሃይማኖተኛ መሆኗ አስደስቶት ለጎረቤት ሁሉ አወራ።

እነዚያ ሳምንታት ከልጅነቴ ሁሉ የተሻሉት ናቸው። ውሃ የሰረቀ የለም፣ የተገረፈ የለም። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰልፍ ወደ ዶንኪው፣ አንድ የልጆች ሰልፍ ወደ ጀኒናው ይሄዳል። እጣቢውን ለሎሚው አፍሰን የተረፈውን ለዘይቱን ጉቶዎቹ እናከፋፍላለን። እትዬ ደብሪቱ ልክ ቪዲዮ ቤት እንደምታደርገው አገዳዋን ይዛ ትቆምና «አንቺ ረዥሟ፣ ወደ ሥሩ እንጂ ወደ ጫማሽ አይደለም!» ትለኛለች። ረዥሟ እኔ ነኝ።

ከሠላሳኛው ቀን በኋላ ግን የሆነ ነገር ተለወጠ። ያን ካሴት ስታሳየን ልጆቹ ውሃ የሚያጠጡበት ቦታ ሲደርስ ዝም ትል ጀመር። ረሳሽው ወይ ስንላት «ጉሮሮዬን ነው» ትላለች። አንድ ጠዋት ቀድሜ ስደርስ ሎሚው ሥር ተንበርክካ ቅርፊቱን በጥፍሯ ስትፍቅ አገኘኋት። ስታየኝ ደነገጠች።

«ምን ታያለሽ? እያከክሁለት ነው።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ጠዋት ሁላችንም ጀኒናው ውስጥ ነበርን። እናቶቻችን አልቀሩም፣ ሸኽ ኢብራሂም አልቀሩም፣ አያ መኮንን ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ሎሚው እንዳለ ነው። ሐሊማ ሁለት ጊዜ ዞረችው። ከትንንሾቹ አንዱ «ቀኑ ገና አላለቀም እኮ» አለ። እውነቱን ነው ተባለ። ተቀመጥን። ትልልቆቹ ወደ ሥራቸው ሄዱ፤ እኛ በዚያ ሐሩር ላይ ታንከሩ ጥላ ሥር ተኮልኩለን ቅርንጫፎቹን እያየን ዋልን። ነፋስ ሲያነቃንቀው «ያ! ያ!» እያልን ስንት ጊዜ ብድግ እንዳልን አላውቅም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ግድም እትዬ ደብሪቱ ቢላዋ ይዛ መጣች፤ አያ መኮንንና ሴቶቹም ተከትለዋታል። ቀጭኗን ቅርንጫፍ ቀጨት ስታደርጋት ተሰበረች። ወፈር ያለውን ቆረጠች፣ ደረቅ። ግንዱን ዝቅ ብላ ፋቀችው፣ እዚያም ደረቅ። ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ እኛ ዞረች።

«ልጆች፣ ስሙኝ። ካሴቱ ላይ አርባ ቀን የሚል የለም። ቋንቋውን አላውቀውም። አንዱንም ፊልም ቋንቋውን አላውቀውም። መጨረሻ ላይ የምታዩት ለምለም ዛፍ ያው ይሁን ሌላ ይሁን እኔ ምን አውቄ! አርባ ያልሁት ክርስቲያኑም እስላሙም ለወለደውም ለቀበረውም አርባ ስለሚቆጥር ነው። አርባ ካልሁ ሁላችሁም ታምኑኛላችሁ ብዬ ነው። ዋሸኋችሁ።»

አያ መኮንን ቢላዋውን ከመሬት አንስተው «ተይው ደብሪቱ። ቤቱንም ተይው፣ አትዝጊ። እኔ አልጠየቅሁሽም» አሉ።

«ልጆቹ ፊት የተናገርሁት ነው፣ አያ መኮንን» አለች።

ሄደች። ተከትለናት ስንደርስ የሰሊጥ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ብርሃን ገባ። ያን ሁሉ አገር ያየንበት ቤት አራት እርምጃ እንኳን አይሞላም ነበር። ቴሌቪዥኑን በአንሶላ ጠቀለለችው። ማንም አላገዛትም፤ እሷም አልጠራችንም።

ተናድጄ ነበር። አሁን ሳወራው ያስቀኛል እንጂ የዚያን ዕለት ምሽት ጠላኋት። ሎሚው ቢቀር ግድ የለኝም። ያናደደኝ ያ ፊልም ላይ የምንጠላው አራጣ አበዳሪ ለካ እውነትም የልጅቷ አባት መሆኑ ነው። ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት። ያቺ በጫማ የገረፈችኝ እናቴ የእራት ሳሕን ማጠቧን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ ላይ ልጨርሰው። ሎሚው እስከ መጨረሻው አላቆጠቆጠም፤ ቆርጠን የአጥር ምሰሶ አደረግነው። ኸሪፍ ገብቶ ዝናብ ሲወርድ ግን ፍየል የጋጣቸው የዘይቱን ጉቶዎች ከሥራቸው አቆጠቆጡ፤ ሰባት ናቸው፣ አንዱን ጉንዳን በላው። ካፈሩ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች ሸኽ ኢብራሂም ቤት ወሰድን። ቴሌቪዥኑም አልተሸጠም። እትዬ ደብሪቱ ቃሏን ለመሙላት ተሸክማው መኪና መናኸሪያው ብትወጣ የሾዋኩ ሎሪ ሹፌር «እኔ የቪዲዮ ቤትሽ ደንበኛ ነኝ፤ ይህን ዕቃ አልጭንም» አላት። ከሦስት ሳምንት በኋላ አያ መኮንን ሁለት የለጅና አባላት አስከትለው ሽማግሌ ሆነው ደጇ ሄዱ፤ ቤቱ ይከፈት ሲሉ ለመኗት። ከፈተች። ግን እንደ በፊቱ አልሆነችም። ፊልሙ መሃል ላይ አገዳዋን ታነሳና «እዚህ ላይ ምን እንደሚል አላውቅም። አንቺ ረዥሟ፣ ምን የሚል ይመስልሻል?» ትላለች። ተራ በተራ እኛ መናገር ጀመርን። ሐሊማ ስትናገር አቶ ተንኮሉ ሁልጊዜ ይጸጸታል፤ እኔ ስናገር አይጸጸትም። ዛሬ ይህን እንዳወራ አፌን የፈታችው እሷ ናት።

እሷን ባሰብኩ ቁጥር የምትመጣብኝ ግን ቪዲዮ ቤቱ የተዘጋበት ቀን ማግስት ጠዋት ናት። ልማድ ሆኖብኝ ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። የማልሄድ መሆኔን ለራሴ ነግሬ ነበር። በሩን ስከፍት እናቴ የማታውን የሳሕን እጣቢ በቆርቆሮ አድርጋ ደጃፉ ላይ አስቀምጣልኛለች። እሷ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ዶንኪው ሄዳለች። ቆርቆሮውን አንስቼ ሄድኩ።

ጀኒናው ስደርስ ሐሊማ ቀድማኛለች። ሌሎች አራትም ነበሩ፤ ከዚያ ተንጠባጥበው ሁሉም መጡ። ማንም ማንንም ለምን መጣህ አላለውም። ጉቶዎቹን አጠጣን፤ ለሎሚውም እንደ ወትሮው ድርሻውን አፈሰስንለት፤ ሰጥተነው ቆይተን ዛሬ መከልከሉ አሳፍሮን ነው መሰለኝ።

እትዬ ደብሪቱ ትናንት የረሳችውን ሳፋ ልትወስድ መጣች። እሾህ አጥሩ ጋ ስትደርስ አየችንና ቀጥ ብላ ቆመች። ዓይኗ አባብጧል።

«ማን ላካችሁ?»

«ማንም» አልናት።

«ደረቅ ነው አልኋችሁ እኮ። ዋሸኋችሁ አልሁ።»

«ሰምተናል» አለች ሐሊማ ቀና ሳትል።

እትዬ ደብሪቱ ወደ ታንከሩ አየች። አርባው የከሰል መስመር ተደርድሯል፤ ከሱ በኋላ ባዶ ነው።

«ዛሬን ታዲያ ምነው ሳታሰምሪ?»

ሐሊማ የቆርቆሮዋን የመጨረሻ ውሃ ጉቶው ሥር አራገፈች። «መቁጠር ትተናል፣ ኻልቲ» አለቻት።

እትዬ ደብሪቱ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትስቅ ይሁን ታለቅስ አላወቅንም፣ ደፍሮ የጠየቃትም የለም። ኋላ ተነሳች፣ ፊቷን ጠረገች፣ ሳፋዋን አንስታ በራሷ ላይ አደረገች። ከዚያ የቤቷን መንገድ ትታ በዚያ ሩጫ በሚመስል እርምጃዋ ወደ መስጊዱ አቀናች፤ የንጋቱ ሶላት ውሃ ገና አልተነሳም ነበር።